ያልታጠበው ጓንቴ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሟች ባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ቆረጥኩ፤ ሞጣ ሄጄ፣ ለበደልኳት ሴት ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ ብዬ ማልጄ ቢቸና መናኸሪያ ገባሁ። ረዳቱ ጆሮዬ ሥር "ሞጣ! ሞጣ!" እያለ ይጮሃል። ሰማሁት። ሰምቼው፣ በጎኑ አልፌ፣ ቀጥሎ የቆመው የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ የምናገረውን በልቤ ስደጋግም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ሉማሜ ነኝ።

"አባባ፣ የት ነበር የሚወርዱት?" አለኝ ረዳቱ።

"ሞጣ።"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ዶሮ ያቀፈች አንዲት ሴት "ሞጣማ በጀርባዎ በኩል ቀረች! ምነው፣ ዞረው ቢቀመጡ ይሻል ነበር እኮ" አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በራሴ መሳቅ የቆየ ሥራዬ ነው፤ ሌላው ሥራዬ ጡረታ ሲወጣ ይሄኛው አልወጣም።

እናንተ ግን እርጅና ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። የፈራሁት እኔ ነኝ፤ እግሬም የእኔው እግር ስለሆነ ይዞኝ ሸሸ። ከቢቸና እስከ ሉማሜ ጀርባዬን ለዚያች ሴት ሰጥቼ ተኛሁ። ሰው ሲፈራ እንቅልፍ ያጣል ይባላል። እኔ ስፈራ አንኮራፋለሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

አያሌው እባላለሁ። ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ አርጅቻለሁ። ሰው ግን "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ አንድ ሁለቴ ተከራክሬ ተውኩት። ለምን ተውከው ብትሉኝ፣ ደስ ይለኝ ነበራ! ይህችን ደስታዬን ያዙልኝ፤ ጥፋቴ ውስጥ ድርሻ አላት።

ሴትየዋ ሰዓዳ ትባላለች። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ባሏ ኑሩ ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ የወጣ እብጠት ተጠማዞባት፣ በሕመም እጥፍ ብላ፣ አማቷ እትዬ ዘሀራ ደግፈው አመጧት። እንደ ዛሬው በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥራት በእኛ ዘንድ አልነበረም። ሆድ ይከፈታል፣ በእጅ ይሠራል። ሐኪሙ ወጣት፣ ጠንቃቃ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። ረዳቱ እኔ ነኝ። እሱ ሲሠራ አንጀቷን ከመንገድ ገለል አድርጎ የሚይዘው እጅ የእኔ ነበር።

የዚያን ጊዜ ጓንት እጅ ላይ ቶሎ እንዲገባ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበት ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ጓንት ስለሚያጥር የተሠራበትን አጥበን፣ ገመድ ላይ አስጥተን፣ ዱቄቱን ራሳችን ነስንሰን፣ እንደገና በእንፋሎት እናጸዳው ነበር። ነስናሹ እኔ ነኝ፤ እጄም ለጋስ ነበር፤ ጓንቱን ያየ ወፍጮ ቤት የዋለ ይለው ነበር። ሐኪሙ ይህን ስላየ አንድ ሕግ አወጣ። ጓንት ያጠለቀ ሁሉ ሆድ ከመንካቱ በፊት እጁን የጨው ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ነክሮ ያሻል፣ በእርጥብ ጎዝ፣ በቁስል ጨርቅ፣ ይጠርጋል። "ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ከገባ ሥጋው ይቆጣል" ይለን ነበር፤ "የተቆጣ ሥጋ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል።" አንጀት ከማኅፀን ጋር፣ የእንቁላል ቱቦ ከሆድ ግድግዳ ጋር። ከላይ ቁስሉ ድኖ ስፌቱ ሲያምር፣ ከውስጥ ጠባሳው ቀስ ብሎ እንደ ሸረሪት ድር ያደራል። ቱቦው ከተያዘ ደግሞ እንቁላሉ መንገድ የለውም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት በር የለኝም።

ሰዓዳ ጠረጴዛው ላይ ስትወጣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። እኔ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይ ምላሴ አያርፍም። የሠርጌን ዕለት ጉድ አወራሁላት፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ሙሽራዋን ትቼ የሙሽራዋን እናት ክንድ ይዤ ወደ መኪናው እንደገሰገስኩ፣ አማቴም "ኧረ ልጄ፣ እኔ ባል አለኝ!" እንዳሉኝ። ሰዓዳ ከነሕመሟ ሳቀች። እየሳቀች ማደንዘዣው ያዛት። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። ማደንዘዣ ሰጪው መጀመሪያውን አልሰማም ነበርና "እንዴት ነው ያልከው?" አለኝ። እኔም ጓንቴን አጥልቄ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ይዤ፣ እንደ ሰባኪ ቆሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። የጨው ውሃው ሳህን ከጀርባዬ ነበር። ሐኪሙ የራሱን ጓንት አጥቦ ጨርሶ ምላጩን አንሥቷል።

"የሁላችሁም ጓንት ታጥቧል?"

"ታጥቧል፣ ዶክተር" አልኩ።

አልታጠበም ነበር። እኔ አላጠብኩትም። አፌን ስከፍት አውቄዋለሁ። ረሳሁ ብል፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ ብል፣ ዞር ብዬ እጄን ብነክር ምን ይጎድልብኝ ነበር? ከአፌ ቀልድ ሳይወርድ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በወጣቶቹ ነርሶች ፊት "እስካሁን ምን ሲሠሩ ነበር?" እንዳይለኝ ፈራሁ። የፈራሁት ይህችን ታህል ነው። በአንድ ቁጣና በአንዲት ሴት ሆድ መካከል መርጬ፣ ከቁጣው አመለጥኩ።

ሆዷ ተከፍቶ አንጀቷን ገለል ሳደርግ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ እርጥብ ሥጋ ላይ የጣቴ አሻራ በነጭ ታትሞ አየሁት። አየሁት እላችኋለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን "ውሃ ያፍስሱልኝ፣ ልጠበው" ማለት ይቻል ነበር። ዝም አልኩ። ደሙን በጎዝ ስንጠርግ አሻራው ጠፋ፤ ጠፋ የምለው ከዓይኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ብዙ ተከራክሬያለሁ። የተጠማዘዘው እብጠት ብቻውን ያጣብቃል። የፈሰሰው ደም ያጣብቃል። ሐኪሙ የነካው ቦታም ያጣብቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሰዓዳን ያጣበቃት የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ታዲያ ነገሩ እንዲህ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ከሞጣ የመጣች ሴት በሩን ባንኳኳች ቁጥር ለምን ነው ምራቄ የሚደርቀው?

ይኸውላችሁ፣ የሚከተለው ላይ ጥርጥር የለም።

ዓመታት አለፉ፣ ሰዓዳ አልወለደችም። ሌላ ከተማ ወስደው ሲያስመረምሯት ቱቦዎቿ ተጣብቀዋል ተባለ። ወጣቱ ሐኪም ያን ጊዜ ተቀይሮ ሄዷል። እትዬ ዘሀራ ምራታቸውን አስከትለው እኔ ዘንድ መጡ። እንደ እህትና ወንድም የምንከባበር ሰዎች ነን፤ በበዓላቸው ይጠሩኛል፣ በበዓሌ እጠራቸዋለሁ።

"ዶክተር" አሉኝ፤ "እኛ የምናውቀው እርስዎን ነው። ይቺ ልጅ በምን ተጣበቀች? የአላህ ሥራ ነው ወይስ የእጅ ጥፋት?"

የእጅ ጥፋት ሲሉ እጄ ራሱ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ምንም አያውቁም፤ የጠየቁኝ እንዲሁ ነው። እኔ ግን የደረሱበት መሰለኝ። ዶክተርነቴ ሲሄድ ታየኝ። መንገድ ላይ ሰው ሲጠቋቆምብኝ ታየኝ። የሰዓዳ ወንድሞች ደጄ ቆመው ታዩኝ። ከዚያ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ... አይደለም፣ በእኔ ፈቃድ እንዲህ አለ፦

"የራሷ ጥፋት ነው፣ እትዬ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ተነሥተሽ ሂጂ ስንላት አልነሣም ብላ ተኛች። የተኛ ሰው ሆድ ይጣበቃል።"

ሰዓዳ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ሊናገር ተንቀሳቅሶ ተመለሰ። እትዬ ዘሀራ ወደ እሷ ዞረው "ሰማሽ?" አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። እኔም ከኪሴ እጄን አውጥቼ፣ ተመስገን አልኩ። ተመስገን! እንዲህ ያለ ተመስገን ወዴት ነው የሚደርሰው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ የሰዓዳ ስም "ተኝታ ያጣበቀችው" ሆነ። እትዬ ዘሀራ ክፉ ሰው አይደሉም፤ "ዶክተር" የነገራቸውን ነው የሚደግሙት። ሰዓዳ በቀን አረፍ ማለት ተወች። ትኩሳት ይዟት እንኳ ሱቁ ውስጥ ቆማ ጨርቅ ትለካለች። አንድ የገበያ ቀን ሞጣ ሄጄ አየኋት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛለች፣ ወንበሩ አጠገቧ ባዶውን ቆሟል። "ቁጭ በይ እንጂ ልጄ" አልኳት። "ኧረ ጋሼ፣ የመተኛቴ መቼ አነሰና" አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ የገዛሁትን ጨርቅ ለክታ፣ "ይሄ ለድካምዎ ነው" ብላ ትርፍ ቆርጣ ጨመረችልኝ። ተቀበልኳት። የትራስ ልብስ አሰፋሁት። ጭንቅላቴን እሱ ላይ አድርጌ እተኛ ነበር።

ለምን ለንስሐ አባትህ አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ለእሳቸውማ ብዙ ተናገርኩ። በረቡዕ ወተት መቅመሴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን፣ ጎረቤቴን ማማቴን። ትንንሾቹን ፊት ፊት አሰልፌ ትልቁን ከኋላቸው አስቀምጠው ነበር። ስግደት ሲያዙኝ ደስ እያለኝ እሰግዳለሁ። ዋናውን ብነግራቸው ስግደት እንደማያዙኝ አውቃለሁ። "ሂድና ለእሷ ንገራት" ይሉኛል። እሱን ነው የፈራሁት።

ሰሞኑን ሰዓዳ ብቻዋን ቢቸና ቤቴ ድረስ መጣች። ባሕር ዳር አንዲት ሐኪም አግኝታለች። በካሜራ ገብተው የተጣበቀውን እንደሚያላቅቁላት ነግረዋታል፤ ሕመሙም ሊቀንስ፣ አላህ ካለ ልጅም ሊመጣ ይችላል ተብላለች። "እንደገና አይጣበቅም ወይ አልኳቸው" አለችኝ። ሐኪሟ አልዋሿትም። ጨርሼ ላስቀረው አልችልም፣ ግን እንዲያንስ አደርገዋለሁ ብለዋታል። ሥጋው እንዳይደርቅ እያረጠብኩ እሠራለሁ፤ ብዙ አልነካካውም፤ ደሙን አቁሜ አጥበዋለሁ፤ በመጨረሻም በሁለቱ መካከል ቁስሉ እስኪድን ቆይቶ ራሱ የሚሟሟ ስስ ነገር አደርግበታለሁ አሏት። "ደግሞ ዱቄት ያለው ጓንት እኔ ክፍል አይገባም አሉኝ፣ ጋሼ። ዱቄቱ ምን ያደርጋል?"

ምን ያደርጋል! ሰማዩ ተደርምሶ እኔ ላይ ብቻ የወደቀ መሰለኝ።

"እንጃ ልጄ" አልኳት።

"የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን እንዴት እንደነበር ጠይቀሽ ነይ ብለውኛል። ምን ትዝ ይልዎታል?"

"እኔ? ቁርስ መብላቴም ትዝ አይለኝ!" ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች። ይህቺ ልጅ በእኔ ቀልድ ስትስቅ ሁለተኛዋ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሳቋ በስተጀርባ ተደብቄያለሁ።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። ቀጠሮውን ልትሰርዝ ነው። "ሐኪሟ የሚችሉትን ሁሉ ቢያደርጉ፣ ሰነፏ እኔ ነኝ" አለች። "እማ ዘሀራም 'ያኔ ያልተነሣሽ ዛሬ ትነሻለሽ? ሆድሽን ደግመሽ ለምን ታስቀድጃለሽ?' ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ያኔ የደከሙልኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ሳልነግርዎ ብተወው ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ይቅርታ ልትጠይቀኝ መምጣቷ ነበር፤ እሷ፣ እኔን! እኔም ዝም ብዬ ሸኘኋት። በር ድረስ ሸኝቻት፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ኮቴዋ እስኪርቅ አዳመጥኩ። ይህች ሴት ያንን ሆድ ይዛ የምትቀረው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። የመጀመሪያውን ጥፋት ማንም በእርግጠኝነት የእኔ ነው ሊል አይችልም። ይሄኛውን ግን እያየሁት፣ እያወቅሁት፣ ዛሬ ነው የምሠራው። ወይ እስከ ዛሬ ማታ ለሐኪሟ እመጣለሁ ብላ ትደውላለች፣ ወይ ወረፋዋ ለሌላ ሴት ያልፋል። ትናንት ደውዬ "ሳልመጣ ምንም እንዳትወስኚ፣ የምነግርሽ አለኝ" አልኳት። ዛሬ ማለዳ ወደ ሞጣ ተነሣሁ። ወደ ሉማሜ ሄድኩ።

እንግዲህ ሉማሜ፣ ከመንገዱ ዳር፣ በተቆለሉ የሽንኩርት ጆንያዎች አጠገብ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ! ኑሩ መናኸሪያ ቆሞ እየጠበቀዎት ነው። የት ደረሱ?"

"ሉማሜ።"

"ሉማሜ? ሉማሜ ምን ሊያደርጉ?"

"ካንቺ ስሸሽ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አለመሳቄ ሳይገባት አልቀረም፤ "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለች። ያን ጊዜ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ሳህኑን፣ ዱቄቱን፣ "ታጥቧል" ማለቴን፣ ነጩን አሻራ። በምን እንደተጣበቅሽ በእርግጥ አላውቅም፣ ግን ጓንቴን አላጠብኩም፤ ለአማትሽ የነገርኳቸው ደግሞ ውሸት ነው፤ መተኛትሽ አይደለም ያጣበቀሽ፤ ስሜን ላተርፍ አንቺን ሰጠሁ አልኳት። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጥ ይሰማ የነበረው መቀስ ቆመ። አንዲት ገበያተኛ "ቀዩን አሳዪኝማ" ስትል ሰማሁ። ሰዓዳ አልመለሰችላትም። ስልኩን የዘጋችው መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"ጋሼ" አለች በመጨረሻ።

"አቤት።"

"እኔ ያኔ ተነሥቼ ነበር፣ አይደል?"

ይህን ከእናንተም ደብቄው ነበር። ላልነግራችሁ ነበር፤ ጨርሼ ልሄድ ነበር። ተነሥታ ነበር። በማግስቱ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ሄዳለች። ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። "ጎበዝ! አንቺስ ወታደር ነሽ!" ያልኳት እኔ ነኝ። ያን እያወቅሁ ነው በአማቷ ፊት አልነሣም አለች ያልኩት። እሷም ከኋላቸው ቆማ፣ ከንፈሯ ሊናገር ተንቀሳቅሶ የተመለሰው፣ ዶክተሩ ከእሷ የተሻለ ያውቃል ብላ ነው።

"ተነሥተሽ ነበር" አልኳት። "እኔ ነኝ የደገፍኩሽ።"

"በሕልሜ ነው የተነሣሁት እያልኩ ነበር" አለች። "ስንት ዓመት ሙሉ። ግድግዳው ሲቀዘቅዘኝ እንኳ ትዝ ይለኛል፤ ግን ዶክተር አልተነሣችም ካሉ አልተነሣሁም ብዬ ተውኩት። የገዛ እግሬን ማመን ተውኩ፣ ጋሼ።"

ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። ድምፅዋ ግን ደርቆ፣ ጠርቶ መጣ። "ባሕር ዳር እሄዳለሁ። አሁን ለሐኪሟ እደውላለሁ፤ የነገሩኝንም እነግራቸዋለሁ።"

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"እሱን ዛሬ አይጠይቁኝ" አለች። "ያኔ ለእማ ነው የነገሯቸው። ቆመው፣ ዓይናቸውን እያዩ። ይሄንንም ቆመው ይንገሯቸው። በስልክ አይሆንም።" ስልኩ ተዘጋ።

አሁን ቢቸና ተመልሼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዘመኑ እንዲህ ነበር፣ ጓንቱ አጥሮ ነበር፣ ሁሉም ሰው ይሳሳታል ልላችሁ ፈልጌ ተውኩት። ዘመኑ ጓንቴን እጠብ ብሎኝ ነበር፤ ሳህኑም ውሃውም ከጀርባዬ ነበሩ። ሰዓዳ ትድን ይሆን፣ የተላቀቀው ተላቅቆ ይቀር ይሆን፣ አላውቅም። ደህና ብትሆን እኔን አያነጻኝም፤ ባትሆን ደግሞ የት እገባለሁ?

እትዬ ዘሀራ አርጅተዋል። ከቤት አይወጡም፣ ጆሯቸውም ደክሟል፤ ስለዚህ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ መናገር ሊኖርብኝ ነው። እፈራለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ምንም ሳይሉኝ ዝም ብለው ቢያዩኝስ?

ያለብኝ ዕዳ ትንሽ ነው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እዚሁ ባዶ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ከግድግዳው ጋር ልለማመዳት ሞከርኩ። "እትዬ ዘሀራ፣ ሰዓዳ ተነሥታ ነበር።" የመጀመሪያውን ስም ጠርቼ አቆምኩ። እስካሁን አልከፈልኳትም።